የጂም ማሽን የሚያሳየው ካሎሪ ምን ያህል ይታመናል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ አነስተኛ ጂም አሠለጥናለሁ። ከማሽን የወረደ ሰው ላቡን ሳይጠርግ መጀመሪያ የሚያየው ስክሪኑን ነው። «ኮች፣ ዛሬ 400 አቃጠልኩ!» ይለኛል። ደስታውን ማደብዘዝ አልፈልግም። ግን ያንን ቁጥር አምኖ የማታ ምግቡን የሚወስን፣ ወር ሙሉ ለፍቶ ኪሎው አልነቃነቅ ሲለው ደግሞ ተስፋ ቆርጦ የሚቀር ብዙ ሰው አይቻለሁ። የሚቀሩት ብዙ ጊዜ ጎበዞቹ መሆናቸው በጣም ያሳዝነኛል። በየቀኑ የምጠየቀውን እዚህ ሰብስቤ የመለስኩት ለእነሱ ብዬ ነው።

ማሽኑ ስንት ካሎሪ እንዳቃጠልኩ በምን ያውቃል?

አያውቅም። ይገምታል። ትሬድሚል የሚያውቀው የራሱን ነገር ብቻ ነው፤ ንጣፉ በምን ፍጥነት እንደሚዞር፣ ምን ያህል ሽቅብ እንደተደረገ፣ ስንት ደቂቃ እንደሠራ። እናንተ ያስገባችሁትን ክብደት ይጨምርና በቀመር ያሰላል።

ቀመሩ የሚነሳው ከኦክስጅን ነው። ሰውነታችን 1 ሊትር ኦክስጅን ሲጠቀም 5 ካሎሪ ገደማ ያቃጥላል። (ካሎሪ ስል የምግቡን፣ ማለትም ኪሎካሎሪን ማለቴ ነው።) የአሜሪካ የስፖርት ሕክምና ኮሌጅ የሚባለው ማኅበር ለእግር ጉዞ ያወጣው ቀመር በብዙ ቦታ ይሠራበታል። በደልዳላ መሬት ላይ ከሆነ፣ በደቂቃ የምትሄዱትን ሜትር በ0.1 ታባዛላችሁ፤ 3.5 ትደምራላችሁ። የሚመጣው ቁጥር እያንዳንዱ ኪሎ ክብደታችሁ በደቂቃ የሚጠቀመው ኦክስጅን ነው፣ በሚሊ ሊትር። 3.5ቷ ዝም ብለን ብንቀመጥም የምንጠቀማት ናት።

60 ኪሎ የሚመዝን ሰው በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ለ30 ደቂቃ ቢራመድ በዚህ ስሌት 106 ካሎሪ ገደማ ያቃጥላል። 80 ኪሎ የሚመዝነው ደግሞ 142። ቀመሩ ለብዙ ሰው አማካይ ጥሩ ነው። ለእናንተ ለብቻችሁ ግን ልክ ሊሆን የሚችለው በአጋጣሚ ነው። ሁለት እኩል የሚመዝኑ ሰዎች አረማመዳቸው፣ የጡንቻቸው መጠን፣ ዕድሜያቸውና ልምዳቸው ይለያያል። ማሽኑ ይህን ሁሉ አያይም።

ትክክለኛው ልኬትስ እንዴት ነው የሚገኘው?

በላቦራቶሪ ውስጥ አፍና አፍንጫ ላይ ጭንብል ይደረግና የሚገባው ኦክስጅንና የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለካል። ለብዙ ቀን የሚሆን ሌላ ዘዴም አለ። ሰውየው ልዩ ምልክት ያለው ውሃ ይጠጣና ሽንቱ እየተመረመረ በእነዚያ ቀናት ያቃጠለው ይሰላል። እኛ ጂም ውስጥ ሁለቱም የሉም።

ከማሽኖቹ የትኛው ይሻላል?

ክብደታችሁን በትክክል ካስገባችሁና መደገፊያውን ካልያዛችሁ ትሬድሚል ይሻላል። መራመድና መሮጥ ብዙ ስለተጠና ቀመሩ ጠንካራ ነው። ሳይክልም ዋት (ፔዳሉን የምትገፉበትን ኃይል) በትክክል የሚለካ ከሆነ ጥሩ ነው።

ኤሊፕቲካል (ቆማችሁ እግራችሁን ከመርገጫው ሳታነሱ የምታሽከረክሩት ማሽን) ላይ ግን ተጠንቀቁ። አብዝቶ የመቁጠር ልማድ አለው። የእያንዳንዱ ፋብሪካ አሠራር ስለሚለያይ ሁሉም የሚጋራው ቀመር የለውም። ደግሞም አንዴ መሽከርከር ከጀመረ በራሱ ግፊት ይሄዳል። እግራችሁን የሚያዞረው ማሽኑ ራሱ ቢሆንም ጉልበት ያወጣችሁ ይመስለዋል።

ክብደቴን ባላስገባ ምን ይሆናል?

ይህ ከሁሉም በላይ ቁጥሩን የሚያበላሽ ነገር ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

ብዙ ማሽን ክብደት ካልተነገረው 70 ኪሎ አካባቢ የሆነ ሰው የተሳፈረበት አድርጎ ይቆጥራል። 50 ኪሎ የምትመዝን ልጅ ትሬድሚል ላይ ከወጣች በየቀኑ 40 በመቶ ያህል ያልሠራችው ይደመርላታል። 95 ኪሎ ለሚመዝን ደግሞ የለፋበት ይቀነስበታል።

የባሰው ፓውንድ ነው። እዚህ ከተማ ካሉት ማሽኖች አንዳንዶቹ የሚመጡት በፓውንድና በማይል ተሞልተው ነው። እትዬ እያልን የምንጠራቸው አንዲት ደንበኛ ነበሩን። 62 ኪሎ ናቸው። ሁልጊዜ ጠዋት በጥንቃቄ 62 ብለው ያስገባሉ። ግማሽ ሰዓት ይራመዳሉ። ማሽኑ 50 ካሎሪ ይላቸዋል። አጠገባቸው የምትራመደው ጎረቤታቸው ምንም ሳታስገባ ከ120 በላይ ይወጣላታል። «የኔ ሰውነት ሞቷል መሰለኝ ልጄ» አሉኝ አንድ ቀን። ጎንበስ ብዬ ስክሪኑን ሳይ ከ62ቱ ጎን ሁለት ትንንሽ የእንግሊዝኛ ፊደላት አሉ፤ የፓውንድ ምልክት። 62 ፓውንድ 28 ኪሎ ነው። ማሽኑ ለሦስት ወር ሙሉ እትዬን የአንድ ሕፃን ልጅ ክብደት ሰጥቶ ሲያሰላ ከርሟል። ወደ ኪሎ ስንቀይረው ለዚያው ጉዞ 110 አሳየ። ያን ቀን ፊታቸው ላይ ያየሁትን አልረሳም። ቀድሜ ባለማየቴም እስካሁን ይቆጨኛል።

ስለዚህ ቁጥር ከማስገባታችሁ በፊት ከጎኑ ያለውን ምልክት እዩ። በትሬድሚል ፍጥነት ላይም እንዲሁ ነው፤ 5 ማይል በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር ነው፣ ያ ደግሞ ሩጫ ነው።

ኪሎዬን በየት ልመዘን የሚል ካለ ሐይቁ ዳር ሚዛን ይዘው የሚቀመጡት ልጆች ይበቁታል። ሁልጊዜ አንዱ ልጅ ጋ ተመዘኑ፣ ጫማችሁን አውልቁ፣ ሰዓቱን አትለዋውጡ። ሚዛኑ አንድ ኪሎ ቢሳሳት እንኳ በካሎሪው ላይ የሚያመጣው ለውጥ ትንሽ ነው።

መደገፊያውን ይዤ ብራመድ ችግር አለው?

ቁጥሩ ላይ ትልቅ ችግር አለው። በተለይ ሽቅብ ስታደርጉት።

በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር የሚራመደው ባለ 60 ኪሎ ሰው ማሽኑን 10 በመቶ ሽቅብ ቢያደርገው፣ የ30 ደቂቃው ስሌት ከ106 ወደ 241 ይዘላል። እዚህ ጋ ነው ሰው የሚታለለው። ሽቅቡ ሲከብደው ሁለት እጁን ከፊት ያለው ብረት ላይ ይተክላል። ጣቶቹ እስኪነጡ ይጨብጣል። ገላው ወደ ኋላ ይለጠጣል። ያን ጊዜ ከንጣፉ ጋር ቀጥ ብሎ ስለሚቆም ደልዳላ መሬት ላይ እንደሚራመድ ሰው ሆኗል ማለት ነው፤ የክብደቱን ከፊል ደግሞ ክንዱ ተሸክሞታል። ማሽኑ ግን 241 ብሎ ይጽፍለታል። ቤዛዊትን የወጣ ሰው ያውቀዋል፤ ኮረብታ ላይ የሚያዝ ብረት የለም።

ሚዛን የሚያስታችሁ ወይም ጉልበት የሚያማችሁ ከሆነ ግን ያዙ። መውደቅ ከቁጥር መሳሳት ይብሳል። ፍጥነቱንና ሽቅቡን ቀንሱ፣ ጣታችሁን ብቻ አስነኩ።

ማሽኑ ከሚያሳየው ውስጥ «የኔ» የምለው ስንቱን ነው?

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ የሚጠይቀው ሰው ግን ጥቂት ነው። ብዙ ማሽን ሶፋ ላይ ተቀምጣችሁም የምታቃጥሉትን ጨምሮ ነው የሚያሳየው። ከላይ ያየነው 106 ካሎሪ ውስጥ 30 ያህሉ ባትራመዱም ይቃጠል ነበር። በመራመዳችሁ የመጣው 75 ገደማ ነው። ቀስ ብሎ ለረጅም ጊዜ የሚሠራ ሰው ላይ ይህ ልዩነት ይከብዳል። የሚሮጥ ሰው ላይ ይቀንሳል።

የጂም ሳይክልስ? ከተማ ውስጥ የምንነዳው ሳይክልስ?

ሳይክል ላይ ወንበሩ ስለሚሸከማችሁ ክብደት እንደ ትሬድሚሉ ወሳኝ አይደለም። ወሳኙ ዋት ነው፤ ፔዳሉን በምን ኃይል እንደምትገፉ። በ100 ዋት ለ30 ደቂቃ ብትነዱ ፔዳሉ ላይ የደረሰው ሥራ 180 ኪሎ ጁል ነው። የሰው አካል ከሚያቃጥለው ውስጥ ፔዳል ላይ የሚያደርሰው ከ20 እስከ 25 በመቶውን ነው፤ የተረፈው ሙቀት ሆኖ ይወጣል። እንዲያ የሚያልበን ለዚህ ነው። ሲሰላ ከ172 እስከ 215 ካሎሪ ገደማ ይመጣል።

ችግሩ ዋት በእውነት የሚለካ ሳይክል ውድ መሆኑ ነው። ርካሾቹ የሚቆጥሩት የፔዳሉን ዙር ነው። ማጥበቂያውን አላልታችሁ በባዶ ብታሽከረክሩትም ብዙ ካሎሪ ይሰጣችኋል። ፍሬን የሚይዘው ጨርቅ ሲያልቅም ያው ነው።

ባሕር ዳር የሳይክል ከተማ ናት። ሜዳዋ ለጥ ያለ ነው፣ የዘንባባ ጥላ አለ። በየቀኑ ሥራ በሳይክል የሚመላለስ ሰው ጂም ውስጥ ያለውን ሳይክል ቁጥር አይቶ «የኔማ ምን ዋጋ አለው» እንዳይል እለምናለሁ። ስክሪን ስለሌለው አልሠራም ማለት አይደለም።

የቀዘፋ ማሽን ላይስ ለምን ለሁላችንም ብዙ ይሰጠናል?

ኮንሰፕት ቱ የሚባለው በብዙ ቦታ የሚታወቅ የቀዘፋ ማሽን ክብደት አይጠይቅም። 79.5 ኪሎ የሚመዝን ሰው እየቀዘፈ ነው ብሎ ነው የሚያሰላው። ከምትገፉበት ኃይል ከሚመጣው ላይ በሰዓት 300 ካሎሪ ለዚያ ሰው ገላ ብሎ ይደምራል። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው በሰዓት 70 ካሎሪ ያህል ሊቀነስ ይገባል።

ጣና ላይ ያደጉ ልጆች ይህ ማሽን ይቀላቸዋል ብዬ አስብ ነበር። አይደለም። በደንገል ታንኳ ላይ ሰው ፊቱን ወደሚሄድበት አዙሮ በክንዱና በወገቡ ነው የሚቀዝፈው። የማሽኑ ዋና ጉልበት ግን ከእግር ነው። በክንድ ብቻ የሚጎትት ቶሎ ይደክማል፣ ዋቱም ዝቅ ይላል። እግራችሁን ገፍታችሁ ጨርሱ፣ ከዚያ ጎትቱ።

የእጅ ሰዓቴ ከማሽኑ የተለየ ቁጥር ይሰጠኛል። ማንን ልመን?

ለልብ ምት ሰዓቱን እመኑ፣ ለካሎሪ ማንንም አትመኑ። በ2017 እ.ኤ.አ. የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 7 የእጅ መሣሪያዎችን በ60 ሰዎች ላይ ፈትሸው ነበር። 6ቱ የልብ ምትን ከ5 በመቶ ባነሰ ስህተት ለኩ። ካሎሪ ላይ ግን ከሁሉ የተሻለው እንኳ በአማካይ 27 በመቶ ሳተ። የመጨረሻው 93 በመቶ። ከዚያ ወዲህ አዳዲስ ሰዓቶች ወጥተዋል፤ ከልብ ምት ተነስቶ ካሎሪን የመገመት አስቸጋሪነት ግን አልተለወጠም።

የባሕር ዳር ሙቀትና ከፍታ ቁጥሩን ይለውጠዋል?

ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ላይ ካለው 80 በመቶ ያህል ነው። በተመሳሳይ ፍጥነት ለመራመድ የሚያስፈልገው ኦክስጅን ግን እዚህም እዚያም ያው ነው። የሚለወጠው የልብ ምት ነው። ከመተማ ቆላ ትናንት የመጣ ሰው እዚህ ሲሮጥ ልቡ ከለመደው በላይ ይመታል። በልብ ምት የሚያሰላ ሰዓት ወይም በእጅ መያዣው የልብ ምት የሚለካ ማሽን ይህን ብዙ ካሎሪ አድርጎ ይተረጉመዋል።

ሙቀትም እንዲሁ ነው። ሚያዝያና ግንቦት ላይ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ጂም ገብታችሁ ብትሠሩ ልባችሁ ሲመታ የሚውለው ገላን ለማቀዝቀዝም ጭምር ነው። ቁጥሩ ያድጋል። የተቃጠለው ግን የዚያን ያህል አይደለም። ላብ ውሃ ነው፤ የላብ ብዛት የካሎሪ ሚዛን አይሆንም። በላስቲክ ተጠቅልለው የሚሮጡ ልጆች ስላሉ ደግሜ እላለሁ፤ የወረደው ኪሎ ውሃ ስትጠጡ ይመለሳል። ልብንና ኩላሊትን ግን ይጎዳልና እባካችሁ ተዉት።

መብራት ሲጠፋ የሠራሁት ይጠፋል?

ከስክሪኑ ላይ ይጠፋል። ከሰውነታችሁ አይጠፋም። የጀመራችሁበትን ሰዓት አስታውሱ፣ በቂ ነው።

ትሬድሚሉ አርጅቷል። ፍጥነቱ ትክክል መሆኑን እንዴት ላረጋግጥ?

ይህን ራሳችሁ ልትሠሩት ትችላላችሁ። ንጣፉ ጠርዝ ላይ ነጭ ፕላስተር ለጥፉ። ንጣፉን በሜትር ዙሪያውን ለኩ፤ 3 ሜትር ሆነ እንበል። ፍጥነቱን በሰዓት 6 ኪሎ ሜትር አድርጉና ፕላስተሩ 20 ጊዜ ሲያልፍ ቁጠሩ። 60 ሜትር ነው፤ 36 ሰከንድ መውሰድ አለበት። እኛ ጋ አንዱ ማሽን 41 ሰከንድ ወሰደ። ከስድስት ሳይሆን ከ5.3 እምብዛም አይበልጥም ነበር ማለት ነው። ሰው ቆሞበት እየተራመደም ለኩት፤ ንጣፉ የላላ ከሆነ ከባድ ሰው ሲረግጠው ይያዛል።

በጾም ቀን ሳልበላ ብሠራ የበለጠ ይቃጠላል?

ማሽኑ መጾማችሁን አያውቅም። የሚቃጠለው ጠቅላላ ካሎሪም ያው ነው ለማለት ይቻላል። የሚለወጠው ማገዶው ነው፤ ባዶ ሆድ ላይ ከስብ የሚመጣው ድርሻ ከፍ ይላል። ግን ያ ድርሻ ብቻውን ኪሎ አይቀንስም፤ የሚቆጠረው የቀኑና የሳምንቱ ድምር ነው። ማሽኖች ላይ «ስብ ማቃጠያ» የሚለው ዝግ ያለ ፕሮግራምም እንዲሁ ነው፤ ድርሻው ይጨምራል፣ ድምሩ ያንሳል።

በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃም ሳትቀምሱ የምትቆዩ ካላችሁ ልምምዳችሁን ከመፍቻው ሰዓት ጋር አቀራርቡት፣ ቀላል እርምጃ ይሁን። ራስ ማዞር ከመጣ ውረዱ።

300 ካቃጠልኩ 300 መብላት እችላለሁ?

ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው።

አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 16 ካሎሪ ገደማ አለው። አዲሱ የዓባይ ድልድይ 380 ሜትር ነው። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ድልድዩን ተሻግሮ ቢመለስ፣ በመራመዱ የሚያቃጥለው 23 ካሎሪ ያህል ነው። ማኪያቶው ላይ የጨመረው ሁለት ማንኪያ ስኳር 32 ነው። ሐይቁ ዳር የሚጠበሰው ቆሮሶ ራሱ ቀላል ምግብ ነው። የጠጣው ዘይት ግን አንዱ የሾርባ ማንኪያ 120 ካሎሪ ነው፤ ለዚያ 4 ኪሎ ሜትር መራመድ ያስፈልጋል። ማሽኑ በ30 በመቶ ከተሳሳተና እናንተ ምግቡን በዓይን ገምታችሁ በ30 በመቶ ከሳታችሁ፣ የተቆጠበ የመሰላችሁ ሁሉ ሊጠፋ ይችላል።

አካልም የራሱ ብልሃት አለው። በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ታንዛኒያ ውስጥ በአደን የሚኖሩትን የሐድዛ ሰዎች በዚያ ምልክት ባለው ውሃ ለክቷል። ቀኑን ሙሉ ሲዞሩ ይውላሉ። የገላቸው መጠን ሲታሰብ ግን በቀን የሚያቃጥሉት ከምዕራባውያን ብዙም አልተለየም። ሰውነት በአንድ በኩል ብዙ ሲያወጣ በሌላ በኩል ይቆጥባል። እኛም ጂም ሠርተን ከሰዓት በኋላ ለአንድ ፌርማታ ባጃጅ የምንይዝ ከሆነ እንዲሁ ነው።

1 ኪሎ የሰውነት ስብ 7,700 ካሎሪ ገደማ ነው። በየቀኑ 5 ኪሎ ሜትር የሚራመድ ባለ 60 ኪሎ ሰው፣ ምግቡ ካልጨመረ፣ በእርምጃ ብቻ ወደ 51 ቀን ይወስድበታል። ይህን ስነግራቸው የሚከፉ አሉ። እኔ ግን እውነቱን አውቆ 51 ቀን የሚጠብቅ ሰው እመርጣለሁ።

ስኳር አለብኝ። በማሽኑ ካሎሪ ተነስቼ ምግቤን ወይም ኢንሱሊኔን ላስተካክል?

አይሆንም። እስከ ግማሽ ሊሳሳት በሚችል ቁጥር መድኃኒት አይነካም። ከሐኪማችሁ ጋር ተነጋገሩ፣ ከልምምድ በፊትና በኋላ ስኳራችሁን ለኩ፣ ኪሳችሁ ውስጥ ከረሜላ ይኑር።

ታዲያ ቁጥሩን ጨርሶ ልተወው?

አትተዉት። ከራሳችሁ ጋር አወዳድሩበት። ያው ማሽን፣ ያው ክብደት፣ እጅ ሳይያዝ። ባለፈው ሳምንት በ30 ደቂቃ 150 ካለና ዛሬ 170 ካለ፣ ሁለቱም ቁጥሮች የተሳሳቱ ቢሆኑም የበለጠ መሥራታችሁ እውነት ነው። ከጓደኛችሁ ጋር፣ ከሌላ ጂም ማሽን ጋር፣ ከሰዓታችሁ ጋር ግን አታወዳድሩት። ከካሎሪው ይልቅ ርቀትና ደቂቃ ብትመዘግቡ የበለጠ ደስ ይለኛል።

ማሽን የለኝም። በምን ላስላ?

በእርሳስ። ለእግር ጉዞ ክብደታችሁን በኪሎ ሜትሩ አባዙና ግማሹን ውሰዱ። ለሩጫ ግማሹን ሳትወስዱ ያባዛችሁት ራሱ ነው። ቁጭ ብላችሁ የምታቃጥሉት እዚህ ውስጥ የለበትም። 70 ኪሎ የሆነ ሰው ጠዋት በሐይቁ ዳር መንገድ 4 ኪሎ ሜትር ከተራመደ 140 ነው። እዚያው ላይ ከሮጠ 280። እትዬ አሁን ማሽኑን ትተው በዚህ ነው የሚያሰሉት። አሮጌ የልጃቸው ደብተር አላቸው፤ ቀኑን፣ ከየት እስከ የት እንደሄዱና ኪሎ ሜትሩን ይጽፋሉ። ባለፈው ሲያሳዩኝ አንዱ ገጽ ላይ «ዝናብ ነበር፣ ቢሆንም ሄድኩ» የሚል አየሁ።